«እኛ እንጠብቀዋለን»



በሱረቱ ዩሱፍ መጀመሪያ ላይ ልጆች ወደ አባታቸው መጥተው አንድ ነገር ይለምናሉ። ትንሹን ወንድማችንን ነገ ከእኛ ጋር ላከው፤ ውጭ ወጥቶ ይብላ፣ ይጫወት፤ እኛም እንጠብቀዋለን ይሏቸዋል። ልመናው ለጆሮ ክፉ አልነበረም። ያዕቁብም (ዐ.ሰ) ልጅ ሜዳ ወጥቶ መጫወቱን አልነቀፉም። የተናገሩት ሁለት ነገር ነው፤ ከዓይናቸው መራቁ እንደሚያሳዝናቸውና እነሱ ሲዘናጉ ተኩላ እንዳይበላው መፍራታቸውን። ልጆቹ ደግሞ ይህን ያህል ሆነን ሳለ ተኩላ ከበላውማ እኛ ምኑን ሰው ሆንነው አሉ።

ያ ቀን እንዴት እንደመሸ ሁላችንም እናውቃለን። ትንሹ ጉድጓድ ውስጥ ቀረ። ታላላቆቹ በጨለማ እያለቀሱ ወደ አባታቸው ተመለሱ።

«እኛ እንጠብቀዋለን» የሚለው ቃል በቀን ሲናገሩት ቀላል ነው። ክብደቱ የሚታወቀው ሲመሽ ነው። የዛሬው ማስታወሻችን ስለዚህ ቃል ነው።

ያነሳሁት ሰመር ስለመጣ ነው። በአሜሪካና በካናዳ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙ መስጂዶችና የማኅበረሰብ ማኅበራት ልጆችን ይዘው ከከተማ ይወጣሉ። ሐይቅ ዳር ወይም ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክለው፣ አለዚያም የእንጨት ጎጆ ተከራይተው ሁለት ሦስት ሌሊት ያድራሉ። ሚኒሶታ፣ ቨርጂኒያና ሲያትል ያላችሁ ልጆች ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። ከእናንተ መካከል ትናንት እንደ ልጅ ሄዶ፣ ዘንድሮ ግን «ና አግዘን»፣ «ነይ ትንንሾቹን ያዢልን» የተባለ አለ። አገር ቤትም በክረምት የመድረሳ ፕሮግራም ልጆች ሰብስባችሁ የምታሳድሩ አላችሁ። ቦታው ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። የሰው ልጅ በእጃችሁ ያድራል።

በመጀመሪያ ስለ እናቶቻችን አንድ ነገር ልበል። ልጃቸውን ጫካ ለማሳደር ሲያመነቱ አትፍረዱባቸው። በእኛ ቋንቋ «ውጭ አደረ» ማለት ቤት አጣ ማለት ነው። «ሜዳ ላይ ቀረ» ማለት ሰው አጣ ማለት ነው። ጫካ የጅብና የሽፍታ ቦታ ነው። ከመካከላቸው በስደት መንገድ ላይ ያደሩ፣ በስደተኞች ጣቢያ ድንኳን ሥር ዓመታት የቆጠሩ አሉ። «ካምፕ» የምትለዋ ቃል ራሷ ለእናንተ ጨዋታን፣ ለእነሱ ግን ሌላ ነገርን ታስታውሳለች። እናትህ «ሸሽተን የወጣንበትን ነው አሁን በገንዘብ የምንገዛው?» ብትልህ የምትለው ነገር አላት።

ስለዚህ «ኧረ ምንም አይሆንም፣ አታካብዱ» አትበሏቸው። ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ነቢይ ሆነው ሳለ ፈርተዋል። የወላጅ ፍርሃት የኢማን ጉድለት አይደለም። ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው፦ የት ነው የምንሄደው? ስንት ሰው ነው የሚጠብቃቸው? ሌሊት ከማን ጋር ነው የሚተኙት? መድኃኒቱን ማን ይይዝለታል? ስልክ በማይሠራበት ቦታ እንዴት እናገኛችኋለን? እነዚህን መመለስ ያልቻለ ሰው «እንጠብቀዋለን» ለማለት ገና አልደረሰም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሥጋት ካለ ለምን እንልካቸዋለን? ምክንያቱም ልጅ ከቤቱ ወጥቶ የሚማረው ነገር አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕፃን ሳሉ ከመካ ወጥተው በገጠር፣ በበኑ ሰዕድ ጎሣ መካከል፣ በሐሊመቱ ሰዕዲያ እጅ አድገዋል። ከፍ ሲሉም ለመካ ሰዎች በግ ጠብቀዋል፤ በግ ያልጠበቀ ነቢይ እንደሌለም ነግረውናል። በአገራችንም የወሎ ደረሳ ስንቁን ይዞ፣ ከቤተሰቡ ተለይቶ፣ ሼኹን ፍለጋ ሲሄድ ኖሯል። የማያውቀው መንደር አስጠግቶታል፣ አብልቶታል። ልጅ ለዕውቀት ብሎ በሰው እጅ ማደሩ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ልጅ ሆኖ ከቤቱ ውጭ ካደረ ሰው ሁሉ ግን የኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ሌሊት ይለያል። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ገና ልጅ ሳለ አክስቱ እናታችን መይሙና (ረ.ዐ) ቤት አደረ። ነቢዩና (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤታቸው በትራሱ ርዝመት ሲተኙ እሱ በትራሱ ወርድ ተኛ። ሌሊቱ ሲጋመስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተነሡ፤ እንቅልፉን ከፊታቸው ላይ በእጃቸው ጠረጉ፤ ከአሊ ዒምራን መጨረሻ አሥሩን አንቀጾች ቀሩ፤ ከተንጠለጠለው የውሃ ስልቻ ውዱእ አድርገው ለሶላት ቆሙ። ልጁ ተነሥቶ እንዳደረጉት አደረገና አጠገባቸው ቆመ። እሳቸውም ቀኝ እጃቸውን ራሱ ላይ አኖሩ፣ ጆሮውንም ያዝ አደረጉ።

ልብ በሉ! ያ ልጅ ስለ ሌሊት ሶላት ንግግር አልተደረገለትም። አደረ፣ አየ፣ ተነሣ፣ ጎናቸው ቆመ። የተማረውን በጎልማሳነቱ ለዑማው አስተማረ። በአንድ ሌሊት፣ አንድ ሕፃን፣ ሌላ ሰው ቤት። በእናንተም ካምፕ ልጁ ቤቱ ይዞት የሚመለሰው በማይክሮፎን የተናገራችሁትን አይደለም። ስትናደዱ ምን እንዳላችሁ፣ ስትደክሙ ለሶላት እንዴት እንደተነሣችሁ፣ እሱ ሲያለቅስ ምን እንዳደረጋችሁ ነው።

ስለ ለቅሶ ካነሣን፣ ማሊክ ኢብኑል ሑወይሪስ (ረ.ዐ) የነገሩንን ስሙ። እሳቸውና ዕድሜያቸው የተቀራረበ ወጣቶች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው ሃያ ሌሊት አደሩ። አስቡት፤ የዑማው ምርጥ መምህር ዘንድ፣ በመዲና፣ ሃያ ሌሊት! ማን ቤቱን ይናፍቃል? እነሱ ግን ናፈቁ። ማሊክ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዛኝና ለስላሳ እንደነበሩ ይናገራሉ። ቤተሰቦቻችን እንደናፈቁን ሲገባቸው ከኋላችን ማንን ትተን እንደመጣን ጠየቁን፤ ነገርናቸው ይላሉ። ከዚያም ወደ ቤተሰባቸው ተመልሰው እንዲያስተምሩ፣ እሳቸው ሲሰግዱ እንዳዩዋቸው እንዲሰግዱ፣ የሶላት ወቅት ሲደርስ አንዳቸው አዛን እንዲል፣ ታላቃቸውም እንዲያሰግድ አዘዟቸው።

እነዚያ ወጣቶች «ናፈቀን» ብለው ሲናገሩ በሐዲሡ አናገኝም። እሳቸው ናቸው ከፊታቸው ያነበቡት። ከዚያም «ወንድ ልጅ ይናፍቃል እንዴ?» አላሉም። ማንን ትታችሁ መጣችሁ ብለው ጠየቁ። ናፍቆታቸውን ስም አውጥተው እንዲናገሩ በር ከፈቱላቸው።

ወንድሜ፣ እህቴ! በመጀመሪያው ሌሊት መብራት ሲጠፋ በአንዱ ድንኳን ውስጥ አንድ ልጅ ፊቱን ወደ ሸራው አዙሮ ያለቅሳል። ሆዴን አመመኝ ይላል፤ ሆዱን ላያመው ይችላል። የስምንት ዓመት ልጅ «እናቴን ናፈቅሁ» ማለት ያሳፍረዋል። በዚያች ሰዓት ሱናው በእጃችሁ ነው። ባትሪያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከድንኳኑ ወጣ አድርጋችሁ ሌላው ተንከባካቢ በሚያያችሁ ቦታ አብራችሁት ተቀመጡ። ቤት ማን ማን አለ? ታናሽ እህትህ ስሟ ማን ነው? እናትህ ማታ ማታ ምን ትቀራብሃለች? ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ አብራችሁ የመኝታ ዱዓ አድርጉ። ይህ አንድ ሩብ ሰዓት ከካምፑ ፕሮግራም ሁሉ ሊበልጥ ይችላል። ናፍቆቱ ካልበረደና ልጁ ከተጨነቀ ደግሞ ወላጁን መጥራት ሽንፈት አይደለም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ልጆቹን ወደ ቤታቸው መልሰዋል።

ጠዋት ላይ ደግሞ ሌላ ልጅ ከመኝታው አልነሣም ይላል። ልብሱ ረጥቧል። እዚህ ላይ የመስጂዱን ሐዲሥ አስታውሱ። አንድ የገጠር ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ ሽንቱን ሲሸና ሰዎች ተነሡበት። እሳቸው ተዉት አሉ፤ በላዩ ባልዲ ውሃ እንዲፈስበት አዘዙ፤ የተላካችሁት ልታቀሉ እንጂ ልታከብዱ አይደለም አሉ። አዋቂ ሰው በመስጂድ ላደረገው ይህ ከሆነ፣ ሕፃን በእንቅልፉ ላደረገው ምን ይባላል? ሌሎቹን ለቁርስ አስወጡ፤ ትርፍ ልብስ ስጡት፤ የመኝታ ከረጢቱን እጠቡ፤ ለማንም አትንገሩ። ያንን ልጅ ማንም ሳይስቅበት ቤቱ ከተመለሰ፣ የሙስሊምን ነውር የሸሸገን አላህ ነውሩን ይሸሽግለታል። ካሜራውም እንዲሁ ነው። ያለቀሰን ልጅ፣ የተኛን ልጅ፣ ሲዋኝ የተራቆተን ልጅ ቀርጾ መለጠፍ አማና መብላት ነው።

ስለ ቦታውም እንነጋገር። ሙስሊም እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊት ስትሰፍሩ ከመንገድ ራቁ ብለዋል፤ ሌሊት የእንስሳት መተላለፊያና የተናዳፊዎች መጠጊያ ነውና። መስፈሪያን መምረጥ የዲን ጉዳይ ሆኖ ተነግሮናል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ጁላይ 4 ሊነጋ ሲል በቴክሳስ የጓዳሉፔ ወንዝ በድንገት ሞላ። በዳርቻው በነበረ አንድ የሴት ልጆች ሰመር ካምፕ ብቻ 27 ልጆችና ተንከባካቢዎቻቸው ሞቱ። የወላጅ ሐዘን ሃይማኖት አይለይም። ለእናንተ ግን ትምህርት አለው። ድንኳን ስትተክሉ ውሃው ከየት ሊመጣ እንደሚችል እዩ። ዝቅ ያለ ወንዝ ዳር አትስፈሩ። የአየር ማስጠንቀቂያ የሚሰማ አንድ ሰው ሌሊቱን ንቁ ይሁን። ልጆቹን በጨለማ ወደ ከፍታ የምታወጡበትን መንገድ በብርሃን ሳለ ሂዱበት። ግመልህን እሰርና ተወከል የተባልነው ለዚህ ነው። ሳያስሩ «አላህ ይጠብቀናል» ማለት ተወኩል አይደለም።

እሳቱንም አስቡ። በመዲና በአንድ ሌሊት ቤት ከነሰዎቹ ሲቃጠል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እሳት ጠላታችሁ ናት፣ ስትተኙ አጥፏት ብለዋል። ልጆቹ ከበው ነሺዳ ያሉበት እሳት ውሃ ፈሶበት፣ አመዱ ተገላብጦ፣ እጅ ሲጠጋው ቀዝቅዞ ካልሆነ በቀር ማንም አይተኛ።

አቡ ሠዕለባ አልኹሸኒ (ረ.ዐ) የነገሩን ደግሞ ለካምፕ የተነገረ ይመስላል። ሰዎች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሲሰፍሩ በየሸለቆውና በየጥሻው ይበታተኑ ነበር። እሳቸው ይህ መበታተናችሁ ከሸይጧን ነው አሉ። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ቁጥር እርስ በርስ ከመጠጋጋታቸው የተነሣ አንድ ጨርቅ ቢዘረጋባቸው ሁሉንም ይሸፍን ነበር ተባለ። ስለዚህ ቁጠሩ! ከአውቶቡስ ሲወርዱ ቁጠሩ፣ ከሐይቁ ሲወጡ ቁጠሩ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ቁጠሩ። ልጆቹን ጥንድ ጥንድ አድርጉና እያንዳንዱ «ጓደኛዬ የት ነው?» ማለትን ይልመድ። ውሃ የሚገባ ሁሉ ዋና ቢችልም ጃኬቱን ይልበስ።

አንድ ነገር ሳላፍር ልናገር። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በድንኳን፣ በመታጠቢያ ቤት ወይም በመኪና ውስጥ ብቻውን አይሁን። ሁሌም ሁለት ሁኑ፤ ሁሌም የሚታይ ቦታ ሁኑ። አሥር ዓመት የሞላቸው ወንድማማቾች እንኳ መኝታቸው እንዲለይ ታዘናል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መኝታ ይኑረው። «እኔን ትጠረጥሩኛላችሁ?» ብላችሁ አትቆጡ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሌሊት ባለቤታቸውን ሶፊያን (ረ.ዐ) ሲሸኙ ሁለት ሰዎች አይተው ፈጠን ሲሉ፣ አስቁመው ይህች ሶፊያ ናት ብለዋቸዋል። በማንም ልብ ጥርጣሬ እንዳይገባ ከፍጥረት ሁሉ ንጹሑ ሰው ራሳቸውን ካስረዱ፣ እኛ ማን ነን? ለልጆቹም በግልጽ ንገሯቸው። ማንም «ለእናትህ እንዳትነግር» ካለህ፣ ያን ጊዜ ነው ለእናትህ የምትነግረው።

ሶላቱስ? በጁን መጨረሻ በሚኒሶታ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ዒሻ ከዚያም ብዙ ይዘገያል። ፈጅር ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በፊት ይገባል። ሌሊቱ አጭር፣ ልጆቹ ደካሞች ናቸው። ቀን ላይ አስተኟቸው፤ ስለ ሶላቱ አሰጋገድ ከመሄዳችሁ በፊት የመስጂዳችሁን ኢማም ጠይቁ። ለፈጅር የሚነቃ ሰው መድቡ። ተመድቦ እንቅልፍ ከጣለውም የቢላልን (ረ.ዐ) ሌሊት አስታውሱ። ከኸይበር ሲመለሱ ሌሊቱን ጠብቅልን ተብሎ ነበር። የቻለውን ሰገደ፣ ጎሕ ወደሚቀድበት ዞሮ ግመሉን ተደገፈ፣ እንቅልፍ ጣለው። የቀሰቀሳቸው የፀሐይ ሙቀት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሰው ፊት አላዋረዱትም፤ ከቦታው ፈቀቅ ብለው ሰገዱ። ልጆቹንም በጩኸትና ውሃ በመርጨት አትቀስቅሷቸው። ፈጅርን ከውርደት ጋር ያያዘ ልጅ፣ ሲያድግ ከማን ይሸሻል?

ይልቁንስ ከልጆቹ አንዱን አዛን አስብሉ። አቡ ሰዒድ አልኹድሪ (ረ.ዐ) በጎቹንና ምድረ በዳውን ይወድ ለነበረ ሰው፣ አዛን ስትል ድምፅህን ከፍ አድርግ፤ የሰማህ ጅንም ሰውም ሌላም ነገር ሁሉ በቂያማ ቀን ይመሰክርልሃል ብለውታል፤ ከነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እንደሰሙት ተናግረዋል። በከተማ አፓርታማ ውስጥ በስልክ ብቻ አዛን የሰማ ልጅ፣ በዛፎች መካከል በገዛ ድምፁ «አላሁ አክበር» ሲል ደረቱ ምን እንደሚሞላ አስቡት። ከዚያ በፊት ባትሪዎቹን አስጠፉና ሰማዩን አሳዩት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚያች በኢብኑ ዐባስ ሌሊት የቀሯቸው አንቀጾች ስለ ሰማያትና ምድር አፈጣጠር፣ ስለ ሌሊትና ቀን መፈራረቅ ነበሩ። ከከተማ መብራት ርቆ ልጁ ያንን በዓይኑ ያየዋል።

በመጨረሻም ስለ አንዲት ወፍ ልንገራችሁ። ሰሓቦች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር በጉዞ ላይ ሳሉ ሁለት ጫጩቶች ያሏት ወፍ አይተው ጫጩቶቹን ወሰዱ። እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች መጣች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው ይህችን በልጆቿ ያስጨነቃት ማን ነው? ልጆቿን መልሱላት አሉ። ልጆቹ ጎጆ እንዳይነኩ፣ ጉንዳን እንዳያቃጥሉ በዚህ አስተምሯቸው። ለራሳችሁ ደግሞ ይህን ያዙ፦ ለወፍ እናት ያዘኑ ነቢይ ተከታይ ነን ካልን፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ስልኳን አቅፋ ያልተኛች እናት አለች። በየማታው «ልጅሽ በልቷል፣ ሰግዷል፣ ተኝቷል» የምትል አጭር መልእክት ላኩላት።

ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ከዓመታት በኋላ ሌላ ልጃቸውን እንዲልኩ ተጠየቁ። ያን ጊዜ «እንጠብቀዋለን» የሚለው ባዶ ቃል አልበቃቸውም። ከኃይላችሁ በላይ የሆነ ነገር ካልከበባችሁ በቀር ትመልሱልኛላችሁ ብለው በአላህ ስም ቃል ኪዳን አስገቧቸው፤ ከጠባቂ ሁሉ በላጩ አላህ መሆኑንም ተናገሩ። ሁለቱን አብራችሁ ያዙ። የሰው ጥንቃቄ እስከ አቅም ጥግ፤ ከዚያ ወዲያ የአላህ ጥበቃ።

ስለዚህ ዘንድሮ አንዲት እናት የልጇን ሻንጣ ስትሰጣችሁ «እኛ እንጠብቀዋለን» ከማለታችሁ በፊት ዓይኗን እዩ። ለማን ቃል እንደገባችሁ እወቁ፤ ለእሷና ለጌታዋ ነው።

ያ አላህ! በዚህ ሰመር ከቤታቸው ርቀው የሚያድሩ ልጆችን ሁሉ በጥበቃህ ያዝልን። ጠባቂዎቻቸውን ንቁዎች አድርጋቸው። በደስታ ወደ እናትና አባታቸው መልስልን። በቴክሳስም ሆነ በየትኛውም ምድር ልጅ ያጡትን አጽናናልን። ኣሚን።

ካምፕ ለሚሄድ ወንድማችሁና እህታችሁ አድርሱላቸው። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።